ግሪድ ወይስ ፍሌክስቦክስ፣ ሳስ ወይስ ቴይልዊንድ? ዘመናዊ ሲኤስኤስ ለሚማሩ የምርጫ መመሪያ

ሲኤስኤስ መማር የጀመረ ሰው ገና በጠዋቱ ስም ይዘንብበታል። ፍሌክስቦክስ፣ ግሪድ፣ ሚዲያ ኩዌሪ፣ ኮንቴይነር ኩዌሪ፣ ሳስ፣ ቡትስትራፕ፣ ቴይልዊንድ። አንዱ "ግሪድ ከቻልክ ሌላው አያስፈልግህም" ይለዋል። ሌላው "በዚህ ዘመን ሲኤስኤስ በእጁ የሚጽፍ የለም፣ በቀጥታ ቴይልዊንድ ተማር" ይለዋል። በሁለቱም አልስማማም።

ይህን የጻፍኩት ኤችቲኤምኤል ለሚያውቁ፣ ቀለምና የፊደል መጠን መቀየር ለቻሉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ወዴት እንደሚሄዱ ግራ ለገባቸው ነው። አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ ተፎካካሪ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ገጽ ላይ አብረው የሚሠሩ ናቸው። እውነተኛ ምርጫ በሚመጣበት ቦታ ደግሞ፣ ብራውዘሩ ራሱ የሚያውቀውን ነገር አስቀድሞ የተማረ ሰው ይጠቀማል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ፍሌክስቦክስ እና ግሪድ

ከእነዚህ ሁለቱ በፊት ገጽ የሚደረደረው በቴብል፣ ከዚያም በፍሎት ነበር። ፍሎት የመጣው ጽሑፍ በሥዕል ዙሪያ እንዲፈስ ተብሎ ነው። ገጽ መደርደሪያ ያደረገው የሰው ችግር ነው። የፍሌክስቦክስ የመጀመሪያ ረቂቅ በ2009 ወጣ፤ አጻጻፉ በመካከል ስለተቀያየረ እስኪረጋጋ ዓመታት ወሰደ። ግሪድ ግን ባንድ ጊዜ ነው የገባው። በ2017 በማርች ወር ብቻ ፋየርፎክስ፣ ክሮምና ሳፋሪ ተከታትለው ተቀበሉት። ኤጅም በዚያው ዓመት ተከተለ።

"ፍሌክስቦክስ ለአንድ አቅጣጫ፣ ግሪድ ለሁለት አቅጣጫ" የሚለውን መልስ ሁሉም ቦታ ታገኙታላችሁ። ትክክል ነው፤ ግን ሥራ ላይ ስትቀመጡ ብዙ አያራምድም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መጠኑን የሚወስነው ማን ነው? ይዘቱ ወይስ እናንተ?

በፍሌክስቦክስ መጀመሪያ የሚናገረው ይዘቱ ነው። እያንዳንዱ ኤለመንት የሚፈልገውን ስፋት ያሳውቃል። ብራውዘሩ ይደምራል፤ ቦታ ከተረፈ ያከፋፍላል፣ ካነሰ ይቀንሳል። አግዳሚ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ሰዎች ነው፤ ሁሉም እንደ አካሉ ስፋት ይይዝና የቀሩት ይጠጋጋሉ። በግሪድ ግን መስመሩን አስቀድማችሁ የምታሰምሩት እናንተ ናችሁ። ይዘቱ በተሰመረለት ቦታ ይገባል።

ስለዚህ ከገጹ አናት ያለ ሜኑ፣ አይኮንና ጽሑፍ የያዘ በተን፣ ርዝመታቸው የተለያየ ታጎች፣ ሎጎው ወደ አንድ ጫፍ መግቢያው ወደ ሌላው ጫፍ የተገፋበት ራስጌ፦ እነዚህ የፍሌክስቦክስ ናቸው። የገጹ አጽም፣ የፎቶ ጋለሪ፣ የካርዶች ዝርዝር፣ ስያሜና መሙያ ሳጥን ጎን ለጎን የሚሄዱበት ፎርም ደግሞ የግሪድ ናቸው።

አሁንም ካጠራጠራችሁ የመጨረሻውን ረድፍ ተመልከቱ። ፍሌክስቦክስ ወደ ቀጣዩ መስመር ሲታጠፍ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ያሰላል። ስምንት ካርድ ኖሮ በየመስመሩ ሦስት ቢገባ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እንዲያድጉ ከተፈቀደላቸው ተለጥጠው መስመሩን ይሞሉታል፤ ከላይ ካሉት ጋር አይገጥሙም። ይህ ለታግ ዝርዝር ምንም ችግር የለውም። ለካርዶች ግን ዓይን ይወጋል። ዓይን ከወጋችሁ የምትፈልጉት ግሪድ ነው።

በግሪድ በኩል ቶሎ መማር ያለባችሁ አንድ መስመር አለ። የዓምዶቹን ቁጥር ራሳችሁ አትጽፉም፤ በሪፒት ውስጥ ኦቶ ፊት ትሉና በሚንማክስ ትንሹን ስፋት 250 ፒክስል፣ ትልቁን 1 ኤፍአር (ከተረፈው ቦታ አንድ ድርሻ) ታደርጋላችሁ። ከዚያ ብራውዘሩ በሰፊ ስክሪን አራት፣ በጠባብ አንድ ዓምድ ራሱ ይሠራል። አንድም ሚዲያ ኩዌሪ (በስክሪኑ ስፋት የሚወሰን ሕግ) አልጻፋችሁም። ኦቶ ፊል የሚባል ወንድም አለው። ልዩነታቸው የሚታየው ዕቃው ጥቂት ሲሆን ነው። ፊት ባዶዎቹን ዓምዶች አጥፎ ያሉትን ይለጥጣል፤ ፊል ባዶ ቦታውን እንዳለ ይተዋል። ሁለት ካርድ ብቻ ባለበት ገጽ ላይ ፊት ካርዶቹን ግዙፍ ስለሚያደርግ፣ ቁጥሩ በማይታወቅ ዝርዝር ላይ እኔ ፊልን እመርጣለሁ።

ሁለቱም የሚጋሩት ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያጠፋበት። የፍሌክስቦክስ ልጅ በራሱ ፈቃድ ከይዘቱ በታች አይጠብም። ረጅም ሊንክ ወይም የኮድ ሳጥን ካለበት ገጹ ወደ ጎን ይፈሳል። መፍትሔው ለዚያ ልጅ ሚን ዊድዝ ዜሮ መስጠት ነው። በግሪድም 1 ኤፍአር ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ እዚያ ሚንማክስ ዜሮ፣ 1 ኤፍአር ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ገጹ በስልክ ላይ ወደ ጎን ሲንሸራተት ካያችሁ መጀመሪያ እዚህ ፈትሹ።

ሰብግሪድንም እወቁት። ጎን ለጎን ያሉ ካርዶች አንዱ አጭር፣ ሌላው ባለ ሦስት መስመር ርዕስ ሲኖራቸው ከሥር ያለው ጽሑፍ ከፍና ዝቅ ይላል። ሰብግሪድ የካርዱ ውስጥ ከውጭው ግሪድ መስመር እንዲወርስ ያደርገዋል። ፋየርፎክስ በ2019፣ ሳፋሪ በ2022፣ ክሮም በ2023 ተቀብለውታል።

የትኛውን ላስቀድም? ብዙ ትምህርቶች ከፍሌክስቦክስ ይጀምራሉ፤ ይህ ግን በአብዛኛው እሱ ቀድሞ ስለመጣ ነው። ዛሬ ለሚጀምር ሰው እኔ ግሪድን አስቀድማለሁ። ፍሌክስቦክስ ቀላል ይመስላል እንጂ ግሮው (ማደግ)፣ ሽሪንክ (መቀነስ) እና ቤዚስ (መነሻ መጠን) የሚባሉት ሦስቱ እንዴት እንደሚደራደሩ እስኪገባችሁ ድረስ ውጤቱ ያስደነግጣል። የግሪድን መስመሮች ግን ዴቭቱልስ የሚባለው የብራውዘሩ የገጽ መመርመሪያ ገጹ ላይ አሰምሮ ያሳያችኋል። ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

በሁለቱም የዕቃዎቹን ቅደም ተከተል በእይታ ብቻ መቀያየር ይቻላል። ይህን በጥንቃቄ ያዙት። በታብ ቁልፍ የሚንቀሳቀስና በስክሪን ሪደር የሚያዳምጥ ሰው የሚከተለው የኤችቲኤምኤሉን ቅደም ተከተል ነው። ዓይን የሚያየውና ጣት የሚሄድበት ከተለያየ ገጹ ለእነዚህ ሰዎች ይበላሻል።

ሚዲያ ኩዌሪ፣ ኮንቴይነር ኩዌሪ፣ ወይስ ምንም?

ኢታን ማርኮት "ሪስፖንሲቭ ዌብ ዲዛይን" የሚለውን ስም በ2010 ሲያወጣ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ ነበር፦ በስፋት የሚለዋወጥ ግሪድ፣ የሚለጠጥ ምስል እና ሚዲያ ኩዌሪ። ከዚያ ጀምሮ ሚዲያ ኩዌሪ የሁሉ መፍትሔ ተደርጎ ተቆጠረ።

ድክመቱ ግን ግልጽ ነው። ሚዲያ ኩዌሪ የሚጠይቀው የስክሪኑን ስፋት ነው። አንድ ካርድ በገጹ መሀል ሰፊ ቦታ፣ በጎን ዓምድ ላይ ደግሞ ጠባብ ቦታ ሊያገኝ ይችላል፤ ስክሪኑ ግን ያው አንድ ነው። ኮንቴይነር ኩዌሪ የሚጠይቀው የተቀመጠበትን ሳጥን ስፋት ስለሆነ ካርዱ በሄደበት ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። ክሮምና ሳፋሪ በ2022፣ ፋየርፎክስ በ2023 መጀመሪያ ተቀብለውታል።

ጀማሪን የሚያደናግር አንድ ሕግ አለው። ኤለመንቱ ስለራሱ መጠየቅ አይችልም፤ የሚጠይቀው ስለ ወላጁ ወይም ከዚያ በላይ ስላለው ሳጥን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። "ከ400 ፒክስል ከሰፋሁ ልጥበብ" ብሎ ቢጠብ፣ ሁኔታው ስለተቀየረ እንደገና ይሰፋል፣ ከዚያ እንደገና ይጠባል፤ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ መጠቅለያ ዲቭ መጻፍ ያስፈልጋል። ለእሱ ኮንቴይነር ታይፕ ኢንላይን ሳይዝ ትሉታላችሁ፣ ጥያቄው ለልጆቹ ይሠራል።

ለሚዲያ ኩዌሪ ታዲያ ምን ቀረለት? የገጹ አጠቃላይ አጽም፣ የኅትመት ስታይል፣ ተጠቃሚው ጥቁር ገጽታ መምረጡን ወይም እንቅስቃሴ እንዲቀነስለት መጠየቁን ማወቅ። በተለይ የመጨረሻውን አትዝለሉት። አኒሜሽን የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው አለ፤ ስልኩ ላይ ያደረገውን ምርጫ ማክበር ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ጭራሽ አለመጠየቅ ነው። ከላይ ያየነው የኦቶ ፊት መስመር አንዱ ነው። ክላምፕ ሌላው ነው። ትንሹን፣ ተመራጩንና ትልቁን ትሰጡታላችሁ፤ የርዕሱ መጠን ከስክሪኑ ጋር በዝግታ ያድጋል፣ ከወሰኑ ግን አያልፍም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መካከለኛውን ቁጥር በስክሪን ስፋት መለኪያ፣ ማለትም በቪደብሊው ብቻ አትጻፉት። እንዲህ የተጻፈ ፊደል ሰው ገጹን ዙም ሲያደርግ እንደሚገባው አያድግም። ከሬም (ከገጹ መሠረታዊ የፊደል መጠን የሚነሳ መለኪያ) ጋር ደምሩት፤ ለምሳሌ 1 ሬም ሲደመር 2 ቪደብሊው።

ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ያለ ኩዌሪ ሞክሩ፤ ካልሆነ ኮንቴይነር ኩዌሪ፤ ጉዳዩ የገጹ ወይም የተጠቃሚው ምርጫ ሲሆን ሚዲያ ኩዌሪ።

ሳስ ወይስ ንጹሕ ሲኤስኤስ

ሳስ፣ ወደ ሲኤስኤስ የሚቀየር የስታይል መጻፊያ ቋንቋ፣ በ2006 ሲመጣ ሲኤስኤስ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚይዝ ስም) አልነበረውም፤ አንዱን ሕግ በሌላው ውስጥ መጻፍም አይቻልም ነበር። ሳስ ሁለቱንም ሰጠ። ለዚያ ዘመን ትልቅ እፎይታ ነበር። አሁን ግን ሲኤስኤስ ካስተም ፕሮፐርቲ የሚባል የራሱ ተለዋዋጭ አለው፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ኔስቲንግ (ሕግን በሕግ ውስጥ መጻፍ) በሁሉም ዋና ብራውዘሮች ይሠራል።

ሁለቱ ተለዋዋጮች አንድ ዓይነት እንዳይመስሏችሁ። የሳስ ተለዋዋጭ ፋይሉ ኮምፓይል ሲደረግ ያበቃለታል፤ ብራውዘሩ የሚያየው የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ነው። የሲኤስኤሱ ግን ብራውዘር ውስጥ በሕይወት ይኖራል። ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል፣ በኩዌሪ ውስጥ ይቀየራል፣ በጃቫስክሪፕት ይነካል። ጥቁርና ነጭ ገጽታ የሚቀያይር በተን ለመሥራት ጥቂት የቀለም ተለዋዋጮችን መለወጥ ይበቃል። በሳስ ብቻ ይህን ለማድረግ የቀለሙን ሕጎች ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው።

ለሳስ የቀረለት ሉፕ (ድግግሞሽ)፣ ሚክሲን (ደጋግሞ የሚጠራ የስታይል ስብስብ) እና ፋይል ከፋፍሎ መያዝ ነው። ትልቅ የዲዛይን ሲስተም ለሚሠራ ቡድን አሁንም ዋጋ አለው። አዲስና ትንሽ ፕሮጀክት ከሆነ ግን አያስፈልጋችሁም። ሥራ ቦታ ላይ የሳስ ኮድ ከጠበቃችሁ አትፍሩ፤ ሲኤስኤስ ለሚያውቅ ሰው ቶሎ የሚያዝ ነው። ስትቀያይሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሳስ የወላጁን ክላስ ስም ቀጥሎ ማስረዘም ይቻላል፤ በሲኤስኤስ ኔስቲንግ ግን ያ አይሠራም። በሁለቱም ደግሞ ከሦስት ደረጃ በላይ ወደ ውስጥ አትግቡ፤ በኋላ ያንን ሕግ ለመሻር ከባድ ይሆናል።

ቡትስትራፕ፣ ቴይልዊንድ፣ ወይስ በእጅ?

ብዙ ክርክር ያለው እዚህ ነው።

ቡትስትራፕ በ2011 ከትዊተር የወጣ ነው። ዝግጁ በተን፣ ሜኑ፣ ፎርም ይሰጣል። አምስተኛው ቅጂ በ2021 ሲወጣ ጄኩዌሪን (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ጥሎ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን መደገፍ አቆመ። የውስጥ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የአስተዳደር ገጽ በፍጥነት ማድረስ ካለባችሁ እስካሁን ጥሩ ምርጫ ነው። የራሱ መልክ ያለው ገጽ ከፈለጋችሁ ግን ጊዜያችሁ የእሱን ስታይል በመሻር ያልቃል።

ቴይልዊንድ ሌላ ሐሳብ ነው። አዳም ዋተን ከጓደኞቹ ጋር በ2017 አወጣው። ዝግጁ ዕቃ ሳይሆን ትንንሽ ክላሶች ይሰጣል፤ አንዱ ክላስ አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል። እነሱን በኤችቲኤምኤሉ ላይ ትደረድራላችሁ። ጥቅሙን በሐቅ ልናገር። ለክላስ ስም በማውጣት አትደክሙም። የተጠቀማችሁበት ብቻ ስለሚመነጭ ፋይሉ ትንሽ ይሆናል። አንድ ኤለመንት ስትሰርዙ ስታይሉ አብሮ ይሰረዛል፤ በአሮጌ ፕሮጀክት ውስጥ "ይህን መስመር ባጠፋው ምን ይፈርሳል?" ብሎ የሚፈራ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቃል። ቡድኑም ከተወሰኑ መጠኖችና ቀለሞች ስለሚመርጥ ገጹ ወጥ ይሆናል።

ዋጋው ደግሞ ይኸውላችሁ። የክላሱ ዝርዝር ይረዝማል፤ ኤችቲኤምኤሉ ለማንበብ ይከብዳል። ስለዚህ የሚመቸው እንደ ሪአክት ባለ የገጽ መገንቢያ ላይብረሪ፣ አንድ ካርድ አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ቦታ በሚጠራበት ሥራ ነው። የክላስ ስም በኮድ ውስጥ ቆራርጣችሁ ብትገጣጥሙ ቴይልዊንድ አያገኘውም፤ ስሙ በሙሉ ተጽፎ መታየት አለበት። በጃኑዋሪ 2025 የወጣው አራተኛው ቅጂ ከሳፋሪ 16.4፣ ከክሮም 111 እና ከፋየርፎክስ 128 በታች ለሆኑ ብራውዘሮች አልተሠራም። ተጠቃሚዎቻችሁ አሮጌ ስልክ ከያዙ ይህን ቀድማችሁ አስቡ፤ ሦስተኛው ቅጂ ይሻላችሁ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የቴይልዊንድ ክላስ የሲኤስኤስ ምህጻረ ቃል ነው። ፍሌክስና ግሪድ ምን እንደሚያደርጉ ያላወቀ ሰው ክላሶቹን እንደ ድግምት ይገለብጣል፤ ሲበላሽ የት እንደሚፈልግ አያውቅም። ለዚህ ነው "በቀጥታ ቴይልዊንድ ተማር" ለሚለው ምክር የማልስማማው። ሲኤስኤስ የሚያውቅ ሰው ቴይልዊንድን በቀናት ይለምደዋል። ከቴይልዊንድ ወደ ኋላ መምጣት ግን ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

በእጅ መጻፍን የሚያስጠላው የድሮ ጣጣ ስፔሲፊሲቲ (የትኛው ሕግ እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ክብደት) ነበር። አይዲ ክላስን ያሸንፋል፣ ክላስ የታግን ስም ያሸንፋል፤ የተጨነቀ ሰው በመጨረሻ ኢምፖርታንት ይለጥፋል። በ2022 የገባው ካስኬድ ሌየር ይህን ቀለል አድርጎታል። ስታይሉን በደረጃ ትከፍላላችሁ፣ የደረጃውን ቅደም ተከተል አንዴ ከላይ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ በኋለኛው ደረጃ ያለ ተራ ክላስ በፊተኛው ደረጃ ያለን አይዲ እንኳ ያሸንፋል። ሰው የሚደናገርበት ነጥብ፦ በየትኛውም ሌየር ውስጥ ያልገባ ስታይል ሌየር ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ከጀመራችሁት ሁሉንም ሌየር ውስጥ አስገቡት።

ምርጫዬን ልንገራችሁ። እየተማራችሁ ከሆነና ገጻችሁ ትንሽ ከሆነ በእጅ ጻፉ። ኮምፖነንት (አንዴ ተጽፎ ብዙ ቦታ የሚጠራ የገጽ ክፍል) ላይ የሚሠራ ቡድን ካላችሁ ቴይልዊንድ። ዲዛይነር የሌለበት የውስጥ መሣሪያ በአስቸኳይ ከተጠየቃችሁ ቡትስትራፕ።

አዲሱን አሁን ልጠቀም ወይስ ልጠብቅ?

ቤዝላይን የሚባለውን ምልክት እዩ። አንድ ነገር በዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ሲገባ "አዲስ ገብቷል" ይባላል፤ ከዚያ 30 ወር ሲያልፍ "በሰፊው ይገኛል" ይባላል። የሞዚላ የዌብ ማጣቀሻ በሆነው ኤምዲኤን ላይ ከየገጹ አናት ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ምልክቱ ብቻውን ግን አይወስንም። ብራውዘሩ ባያውቀው ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ። የርዕስ መስመሮችን የሚያመጣጥነው ቴክስት ራፕ ባላንስ ባይሠራ ርዕሱ እንደ ድሮው ይታጠፋል፤ ማንም አይጎዳም። ዛሬውኑ ተጠቀሙበት። ኔስቲንግ ባይሠራ ግን ውስጥ ያለው ስታይል ሁሉ ይጠፋል። ሃዝ የሚባለው ሴሌክተር በመካከል ነው፤ ልጁን አይቶ ወላጁን ማስዋብ ያስችላል፣ ፋየርፎክስ የተቀበለው በ2023 መጨረሻ ነው። ለማስዋቢያ ከሆነ ግቡበት። ገጹ ያለ እሱ የማይሠራ ከሆነ ብራውዘሩ ያውቀው እንደሆነ በሚጠይቀው በሰፖርትስ ሕግ ውስጥ አስገቡትና ለሌሎቹ መደበኛ መልክ አስቀምጡ።

ከየት ልማር?

ኤምዲኤን ለማጣቀሻ ተወዳዳሪ የለውም፤ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ግን ያደክማል። ቪዲዮ ለመጀመር ጥሩ ነው፤ ችግሩ እያዩ የገባን መምሰሉ ነው። ቪዲዮውን ዘግታችሁ ያንኑ ገጽ ከባዶ ፋይል ካልሠራችሁት አልገባችሁም ማለት ነው። ፍሌክስቦክስ ፍሮጊ 24፣ ግሪድ ጋርደን 28 ደረጃ ያላቸው ነጻ ጨዋታዎች ናቸው። ቃላቱን እጃችሁ ላይ ያስገባሉ፤ ገጽ መንደፍ ግን አያስተምሩም።

ትምህርቱ ያረጀ መሆኑን በጥቂት ምልክቶች ትለዩታላችሁ። ገጹን በፍሎት የሚደረድር ከሆነ ዝጉት። ፍሌክስቦክስ ውስጥ ክፍተቱን በጋፕ ፋንታ በማርጂን እየሠራ ከሆነ፣ ሳፋሪ ጋፕን ለፍሌክስቦክስ ከተቀበለበት ከ2021 በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፤ ሐሳቡን ውሰዱ፣ ማርጂኑን ተዉት። ሁሉንም ነገር በፒክስል ካሰላ ደግሞ በሬም የሚሠራ ሌላ ፈልጉ።